ኮምፒዩተሩ ማንንም አያውቅም

መጋቢት 9 ቀን 1980

ዛሬም ሰው ጫማ ሳስወልቅ ዋልኩ። የኮምፒዩተር ክፍላችን በር ላይ ጫማ የሚወልቀው ለአቧራው ነው፤ ያሠለጠነን ባለሙያ «የዚህ ዕቃ ጠላቱ አቧራ ነው» ብሎን ሄዷል። መርካቶ ውስጥ ደግሞ አቧራ የሌለበት የት አለ? ነጋዴዎቹ ግን ነገሩን ሌላ አድርገው ይዘውታል። ጫማቸውን ሲያወልቁ ድምፃቸውንም አብረው ያወልቃሉ። መስጊድ የገቡ ይመስል በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፤ ማሽኑ ፊት እጁን ኪሱ ውስጥ የሚከት የለም። ጽዳት ሠራተኛችን እትዬ የሺማ ጠዋት ስትገባ «እንዴት አደርክ» ትለዋለች። አቧራውን ስትጠርግለትም ይቅርታ እየጠየቀች ነው።

ጋሼ ጠይብ የሱቃቸው የስኳር ኮታ ተቀንሶባቸው ሊከራከሩ መጡ። እኚህ ሰው ከሥራ አስኪያጃችን ከጓድ ሀብተ ወልድ ጋር ሲጣሉ ድምፃቸው ጎጃም በረንዳ ድረስ ይሰማ ነበር። ወረቀቱን አሳየኋቸውና «ኮምፒዩተሩ ነው ያወጣው» አልኳቸው። ማሽኑን ትንሽ አዩት። «እንግዲህ እሱ ካለ ምን ይደረጋል» ብለው ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ።

የቀነሰው ጓድ ሀብተ ወልድ ነው። ትናንት በእርሳስ ጽፎ ሰጠኝ፣ እኔ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። የጋሼ ጠይብን ነገር ስነግረው ሳቀ። «ፈሪዳ፣ ይሄ ዕቃ ከአስር ዘበኛ ይሻላል» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ለሱቆቹ ሸቀጥ በሚያከፋፍለው ድርጅታችን ውስጥ ይህን ማሽን መንካት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ።

መጋቢት 18፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና አዲስ ዙር መጥቷል። ከሰሜን የሚሰማው ወሬ ጥሩ አይደለም፤ ኮታው ደግሞ ከፍ ብሏል። ባለፈው ዙር ሊቀመንበሩ የእህቱን ልጅ አስቀርቶ የአንዲት ባልቴት አንድ ልጇን መላኩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ገና አፉን ሲከፍት እናቶቹ አጉረመረሙ። ማን ይጮኻል በዚህ ዘመን? ግን ያ ሁሉ ሴት ባንዴ ሲያጉረመርም ከጩኸት ይብሳል።

«ታዲያ ማን ይምረጥ? መልአክ ይውረድ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ይሄኔ ተነሳሁ። ማን ተነሺ አለኝ? «እኛ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር አለ፣ ዕጣ ማውጣት ይችላል። ኮምፒዩተር ማንንም አያውቅም፣ ዘመድ የለውም» አልኩ። አሠልጣኙ የኮርሱ መጨረሻ ቀን ማሽኑ በዘፈቀደ ቁጥር የሚጠራበትን አጭር ፕሮግራም ለጨዋታ ያህል አሳይቶን ነበር፤ እሱን አስቤ ነው። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

እማዬ ሻርፔን ከኋላ ጎተተችኝ። ቤት ከገባን በኋላ «አንቺ፣ ጠሃ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ።

ወንድሜን ረስቼው ነበር። ወላሂ ረስቼው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይህን ነው።

መጋቢት 21

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጓድ ሀብተ ወልድ ፈቀደ። ሊቀመንበሩ ራሱ ቢሮ መጥቶ ነበር፤ እንደ አማቾች ተቃቅፈው ተለያዩ። ጠሃ አሥራ ዘጠኝ ሞልቶታል። ከስድሳ ልጅ የሚወጣው አሥራ ሁለት ነው። ከአምስት አንድ። አራቱ ይቀራሉ ማለት ነው። አራቱ ይቀራሉ።

መጋቢት 25፣ እሑድ

ግቢያችን ሁለት ቤት አለው። በአንዱ እኛ፣ እማዬና ጠሃ እና እኔ፤ በሌላው እትዬ ሐዋና ልጇ ጀማለዲን። ሁለቱ እናቶች በልጅነታቸው ከወሎ አብረው መጥተው ጭድ ተራ ጀርባ ተጠጉ፣ አልተለያዩም። ጠሃ በተወለደ በሦስት ወሩ እማዬ በተስቦ ተኝታ ጡቷ ደረቀ። እትዬ ሐዋ ጀማልን ገና መውለዷ ነበር፤ ሁለቱንም በግራና በቀኝ አጠባች። «አንደኛው ሲያለቅስ ሌላው ይጠግብ ነበር» እያለች እስከ ዛሬ ትስቃለች። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አስታውሳለሁ። አንዱን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

እትዬ ሐዋ ጭድ ትሸጣለች፣ ጀማል በጋሪ ያመላልሳል። ጠሃ ልብስ ሰፊ ነው። ዛሬ ሁለቱ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብለው የጋሪውን ጎማ ሲጠግኑ ዋሉ። ጀማል ሳልፍ አየኝና «ፈሪዳ፣ ያ ማሽንሽ እኔን ካወጣ ጭዱን እሱ ይጎትታል በያት ለእናቴ» አለ።

«ዝም በል፣ ቀን ይሰማሃል» አለችው እትዬ ሐዋ ከውስጥ።

ጠሃ አልሳቀም። ጎማውን ነው የሚያየው።

ሚያዝያ 1

ቀበሌው ስሞቹን ላከ፣ በቤት ቁጥር ተራ። በእንግሊዝኛ ፊደል አስገባኋቸው፤ ማሽኑ አማርኛ አያውቅም። የእነሱና የእኛ ቤት ቁጥር አንድ ነው፣ ግቢው አንድ ስለሆነ። ጀማል አሥራ ስድስተኛ፣ ጠሃ አሥራ ሰባተኛ። የወንድሜን ስም ስጽፍ የሌላ ሰው ስም መሰለኝ።

ሚያዝያ 3

ፕሮግራሙን ሞከርኩት። አራተኛ የተጠራው ቁጥር አሥራ ሰባት። ከአጠገቡ አሥራ ስድስትም አሥራ ስምንትም አልተጠሩም፤ በመሀል ገብቶ እሱን ለቀመው።

ሙከራ ነው፣ ዓርብ የዕጣው ዕለት ሌላ ያወጣል አልኩ። አጠፋሁት። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩና አበራሁት። አራተኛው አሥራ ሰባት። ሌሎቹም እነዚያው ናቸው፣ በዚያው ተራ። ሦስተኛም ሞከርኩ።

የተቀየመኝ መሰለኝ። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። ነጋዴዎቹ ማሽኑ ፊት ሲያንሾካሹኩ ስስቅባቸው ኖሬ፣ ዛሬ እኔው ስክሪኑን ተጠግቼ «ምን አደረግኩህ?» አልኩት። እትዬ የሺ በሩ ላይ ቆማ ሰምታኛለች። «አይዞሽ፣ እኔንም አንዳንዴ አይመልስልኝም» አለችኝ።

ሚያዝያ 4

ገባኝ።

ይህ ማሽን ዕጣ አያወጣም። የቁርኣን ቤት ልጅ የሸመደደውን ሱራ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እንደሚጀምር፣ እሱም በበራ ቁጥር የሚያውቃቸውን ቁጥሮች ከመጀመሪያው ይላል። አሠልጣኙ እንዳይደግም የሚደረግበት ትእዛዝ እንዳለ ነግሮን ነበር። እኔ ያን ሰዓት ከጎኔ ካለችው ልጅ ጋር ስስቅ አልጻፍኩትም። አሠልጣኙም ወደ አገሩ ሄዷል።

ስለዚህ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ማሽኑ አይደለም፤ ስሞቹ የተቀመጡበት ተራ ነው። ይህን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ለጓድ ሀብተ ወልድ መንገር እንዳለብኝ አላጣሁትም። በሩ ድረስ ሄጃለሁ። በስልክ ለበላይ አካል «በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው» እያለ ነበር። ተመለስኩ። ምን ልበለው? ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበልኝ ለጨዋታ ነው ልበለው?

እማዬ እራት አልበላችም። ጠሃን ቀና ብላ አላየችውም። የምታየው እኔን ነው።

ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ

ዝርዝሩን አስተካከልኩ። በአንድ የቤት ቁጥር ሁለት ልጅ ሲኖር የቱ ይቅደም የሚል መመሪያ የለም። ጠሃ በሦስት ወር ይበልጣል። ታላቅ ይቀድማል፣ ይህ የታወቀ ነው። ሌላ ምንም አልነካሁም።

ሚያዝያ 7፣ ዓርብ

አለቀ።

ሊቀመንበሩ ከኮሚቴው ጋር መጣ። ጫማቸውን ሲያወልቁ የሊቀመንበሩ አውራ ጣት በካልሲው ቀዳዳ ብቅ አለ፤ ማንም አልሳቀም። ጓድ ሀብተ ወልድ «ጀምሪ» አለኝ። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው፣ አንድ ቁልፍ። አረንጓዴዎቹ ቁጥሮች እየወጡ ስሞቹን ሲጠሩ ሊቀመንበሩ ራሱን እየነቀነቀ «አቤት ጥበብ» ይል ነበር። ከዚያ ማተሚያው ጮኸ።

ሰዉ ውጭ ግቢው ውስጥ ይጠብቃል። ጓድ ሀብተ ወልድ ወረቀቱን እንዳነብ ሰጠኝ። አራተኛውንም እንደሌሎቹ አነበብኩት። «ጀማለዲን።»

ባለፈው ዙር መሬት ላይ የተንከባለሉ ሴቶች ዛሬ አንድም አልጮኹም። ማን ላይ ይጩኹ? አንዷ ወረቀቱን ተቀብላ ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ሰጠችኝ። እትዬ ሐዋ ባለችበት ቁጭ አለች። «ሰው ቢመርጠው ይቆጨኝ ነበር» አለች።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ነው የቀረው። በምን አፌ ነው የምጾመው?

ሚያዝያ 8

እትዬ ሐዋ በጠዋት መጣች። እኔን ልታጽናና። «ስሙን ስታነቢ ፊትሽን አየሁት፣ ሌሊቱን ያሰብኩት አንቺን ነው። አንቺ ምን ታደርጊ፣ ኮምፒዩተር ነው» አለችኝ።

«አዎ፣ ኮምፒዩተር ነው» አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ማታ ጠሃ ደጁ ላይ ያዘኝ።

«ማሽኑ ማንንም አያውቅም ነው ያልሽው?»

«አያውቅም።»

«አንቺንስ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ምን ማለቱ ነው? ማን ምን ነገረው? እትዬ የሺ የሰማችው «ምን አደረግኩህ» ያልኩትን ብቻ ነው፤ ከዚያ ምን ይገኛል? ምንም አይገኝም።

ሚያዝያ 14፣ ዓርብ

ጀማል ሄደ። ጾም ይዞ ነበር። መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት የጋሪውን ገመድ ለጠሃ ሰጠው፤ «ግራ ጎማው ቶሎ ይተነፍሳል፣ አትጫነው» አለው። ለእኔ ደግሞ «ማሽኑን አመስግኚልኝ፣ ከጭድ አወጣኝ» አለኝ። ሲቀልድ ነው። ሁልጊዜ ይቀልዳል። እትዬ ሐዋ ቴምር በመሐረብ ቋጥራ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት፤ መግሪብ ሲል ይበላዋል።

እማዬ ከእኔ ይልቅ ጮክ ብላ አለቀሰች። ሰዉ «የራሷ ልጅ የሄደ ይመስላል» ይል ነበር።

ሚያዝያ 27

ከሌላ ቀበሌ ሊያዩ መጡ። ለእነሱም እንድናወጣላቸው ይፈልጋሉ። ጓድ ሀብተ ወልድ ደረቱ ተነፍቷል። ለብቻው አግኝቼ «ፕሮግራሙ ትንሽ ይታረም፣ ጎድሎት አለው» አልኩት።

«ማን ቅሬታ አቀረበ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው የሚሠራ ነገር አትንኪ» አለኝ።

ነግሬዋለሁ። አልሰማም እንጂ ነግሬዋለሁ።

ግንቦት 9፣ ዒድ

እትዬ ሐዋ ከሶላት እንደተመለሰች ሳህን ይዛ መጣች። ጠሃን አስጎንብሳ ግንባሩን ሳመችው። ጠሃ ከስፌት ሲወጣ ጋሪውን እየጎተተ ጭዷን ያመላልስላታል፤ ጀማል ከሄደ ወዲህ እንዲህ ነው፣ ከእኔ ጋር ግን ከ«እሺ» እና ከ«እምቢ» ሌላ አይናገርም።

«ሁለቱንም አጥብቻለሁ» አለች እትዬ ሐዋ ቁጭ ብላ። «ያን ቀን ከሁለቱ አንዱ ሊሄድ እንደሆነ ልቤ ነግሮኝ ነበር። ሁለቱንም ሊወስድ ይችል ነበር እኮ። አንዱን ተወልኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

እማዬ ሳህኑን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቶሎም አልወጣችም። እኔ እትዬ ሐዋ ያጎረሰችኝን አፌ ውስጥ ይዤ ቆየሁ። እናቴ ማወቅ አለማወቋን ዛሬም አልጠየቅኳትም። እሷም አትጠይቀኝም። እንዲህ እየኖርን ነው።

ግንቦት 22

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ የሺ «አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ቆማለች» አለችኝ። እትዬ ሐዋ ናት። ልብሷ ላይ የተጣበቀውን የጭድ ብናኝ አንድ በአንድ እየለቀመች ነበር፤ አቧራ ጠላቱ መሆኑን ሰምታለች። ገባችና ማሽኑን «ላስቸግርህ ነው» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የወሰደው እሱ ነው፤ የት እንዳደረሰው አያጣውም። ጠይቂልኝ።»

«እትዬ ሐዋ፣ ይህ ነገር እንደዚያ አይሠራም።»

«የማንን ስኳር ማን እንደወሰደ የሚያውቅ፣ ልጄን አያውቅም?»

ደብዳቤ ከመጣላት ወር ሊሆን ነው። ላስረዳት ይገባ ነበር። ስሙን ጻፍኩ። ማሽኑ የማይገባውን ነገር ሲጽፉበት የሚመልሳትን አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር መለሰ። ተሳስተሻል እንደማለት ነው።

«ምን አለ?» አለችኝ። አረንጓዴው ብርሃን ፊቷ ላይ አርፏል። ያን ፊት እያየሁ ሌላ ምን እላለሁ?

«ደህና ነው ይላል» አልኳት።

ጎንበስ ብላ የማሽኑን ጎን ሳመችው። ከሄደች በኋላ እትዬ የሺ ዓይኗን እየጠረገች «እኔም እኮ ደግ እንደሆነ አውቀዋለሁ» አለች።

ሰኔ 3

አምስት ሴቶች። ምሳ ሰዓት ነው የሚመጡት፣ ጓድ ሀብተ ወልድ ሲወጣ። እትዬ የሺ በር ትጠብቃለች። አንዷ ክርስቲያን ናት፣ አማትባ ነው የምትገባው። ለሁሉም ስም እጽፋለሁ። ለሁሉም ደህና ነው ይላል። አንዷ «ለእሷ ቀድሞ መለሰላት፣ ለእኔ ለምን ቆየ?» ብላ ተጨነቀች። ኤሌክትሪኩ ወረድ ብሎ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ የደበቅኳት ነገር እንዳለ ነው የገመተችው።

ሰኔ 15

በሩ ላይ ያለው ጫማ በዛ። ኮንጎ ጫማ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ የወንድ ጫማ ያደረገችም አለች። እምቢ ልላቸው ስነሳ ፊታቸው ይቀድመኛል። ደግሞ ማን ተጎዳ? ቀለል ብሏቸው ነው የሚሄዱት። አንዷ ማሽኑን ከጠየቀች ወዲህ እንቅልፍ እንደወሰዳት ነገረችኝ። እኔን ግን ይወስደኛል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሰኔ 27

ሁሉም ሄደው ብቻዬን ስቀር በሩን ዘጋሁ። ጀማለዲን ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ለራሴ ነው። ያችው መስመር መጣች። እንደምትመጣ አውቃለሁ። ግን ቁልፉን ከመጫኔ በፊት ቢስሚላህ ብያለሁ። ሌላ ነገር እንደሚለኝ ጠብቄ ነበር ማለት ነው። ምን እንዲለኝ? እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስሞቹን ሳዘዋውር ፊቱ ነበር።

እንዲህ ብዬ መጻፍ አልነበረብኝም። ማሽን ነው።

ሐምሌ 11

በዝናብ ነው የመጡት፣ ገና ሳይነጋ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች። እንደዚያ ተሰብስበው በጠዋት ሲመጡ ምን ይዘው እንደሚመጡ ማንም ያውቃል። ከጀማል ጋር የሄደ የሰፈራችን ልጅ እግሩን ተመትቶ ትናንት ተመልሷል። እሱንም ደግፈው አመጡት። ጀማል አጠገቡ እንደወደቀ፣ ከሌሎቹ ጋር ሆኖ አፈር እንዳለበሰው፣ ክራንቹ ላይ ተንጠልጥሎ ተናገረ። «ኢና ሊላሂ» አሉ ሽማግሌዎቹ። እማዬ መሬት ላይ ወደቀች።

እትዬ ሐዋ አልወደቀችም።

«አይደለም» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ባለፈው ሳምንት ጠይቄዋለሁ። ደህና ነው ብሏል። አንተ ልጄ፣ በጥይት መሀል ነው ያየኸው፣ ሰው ይሳሳታል፤ አልፈርድብህም። ፈሪዳ፣ ንገሪያቸው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ማሽኑ ስለ ጀማል ምንም አያውቅም» አልኩ። «አንድ ቀንም ደህና ነው ብሎ አያውቅም። እንደዚያ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ለማለት ስንት ጊዜ ተለማምጄ ነበር። ምድር የምትከፈት መስሎኝ ነበር። እትዬ ሐዋ ግን ወደ እኔ መጥታ በሻርፗ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ደንግጠሽ ነው» አለችኝ። «አንቺ ሰው ነሽ፣ ትደነግጫለሽ። እሱን ምን ያስደነግጠዋል?» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ «ይቺን ልጅ አታስጨንቁብኝ» አለቻቸው።

«ዕጣውም...» ብዬ ጀመርኩ። እማዬ ከመሬት ተነስታ ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። «ተዉአት፣ ታማለች» አለች ለሰዉ። ዓይኗን አየሁት። ታውቃለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች።

ጠሃ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «ጨርሺው» አለኝ።

አልጨረስኩትም። ጠሃ ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ እትዬ ሐዋ ቤት ገባ።

ሐምሌ 14

ለቅሶ የለም። ሊተከል የመጣውን ድንኳን እትዬ ሐዋ ራሷ አስመለሰችው። ሰዉ አብዳለች ይላል፣ ግን ዝቅ ብሎ ነው የሚለው፤ ግማሹም ማን ያውቃል ይላል። አንዱ ሽማግሌ ሲያልፍ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለኝ። እኔን ያለ መሰለኝ። ስለ ጀማል ሊሆን ይችላል።

ሊቀመንበሩ ቢሮ መጥቶ ነበር። ለመስከረም ሌላ ዙር አለ። ጓድ ሀብተ ወልድ «ያንኑ ፕሮግራም» አለኝ። ማታ ሳልነግራት እማዬ ሰምታ ጠበቀችኝ። «እንዳለፈው ተጠንቅቀሽ ሥሪ» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አድርጋ።

ምሳ ሰዓት ግን እትዬ ሐዋ መጥታ ነበር። በዝናቡ ጫማዋ ጭቃ ስለነበር እግሯንም ታጥባ ገባች። ዛሬ ደህንነቱን አልጠየቀችም።

«መቼ ይመጣል በይልኝ» አለችኝ።

ጻፍኩ። ያችው መስመር መጣች። እትዬ ሐዋ ስክሪኑን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ከሦስት ቀን በፊት እውነቱን ነግሬያት እንባዬን ነው የጠረገችልኝ። እንደገና ልንገራት? እንደገና ትጠርግልኛለች።

«ለመስከረም ይላል» አልኳት።

«እንግዲያው የጋሪውን ግራ ጎማ ከአሁኑ ላስጠግንለት» ብላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።